በአባቴ ስም የሄደ ናሙና

ውጤቱ ስልኬ ላይ ሲመጣ ቡና አፌ ውስጥ ነበር። ሥራዬ መቅመስ ነው። ጅማ ውስጥ በአንድ የቡና መጋዘን ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ቡና በማንኪያ እየሳብኩ፣ ምላሴ ላይ እያንከባለልኩ፣ ይሄ ሻጋታ ነክቶታል፣ ይሄ አፈር አፈር ይላል፣ ይሄስ እሰየው እያልኩ ባልዲ ውስጥ ስተፋ ኖሬያለሁ። መትፋት ለሌላው ሰው ነውር ይሁን እንጂ ለኔ እንጀራዬ ነው። የዚያን ቀን ግን ስልኬን በግራ እጄ ከፈትኩና ቆሜ አነበብኩ፣ ሳላስበው ቡናውን ዋጥኩት። ቀማሽ አይውጥም። አጠገቤ የነበረው የሥራ ባልደረባዬ «ምነው፣ ጣፈጠሽ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ወረቀቱ ቁጥርና ሠንጠረዥ ይበዛዋል። ከዚያ ሁሉ የገባኝ ሦስት ነገር ነው። ያቺ ሴት የአባቴ ልጅ ናት። እኔ የአባቴ ልጅ አይደለሁም። እኔና እሷ ደግሞ ምንም አንገናኝም። ኧረ በአላህ! ተገልብጦ ይሆናል ብዬ ስልኩን ራሱን ገለበጥኩት። ሃምሳ አንድ ዓመት የኖርኩበትን ቤት አንድ ወረቀት መጥቶ የሷ ነው፣ አንቺ ውጪ አለኝ።

ከመጀመሪያው ልናገር፤ ከመሃል ስጀምር እኔም ግራ ይገባኛል።

ያቺ ሴት የምላት እኛ መጋዘን ለቃሚ ናት። ለቃሚ ማለት ወለል ላይ በረድፍ ተቀምጠው ከቡናው ውስጥ ጥቁሩንና ስባሪውን በእጃቸው የሚያወጡት ሴቶች ናቸው። ከከምባታ በኩል ነው የመጣችው፤ ከባሏና ከልጆቿ ጋር ጊንጆ ጉዱሩ ተከራይታ ትኖራለች። ስትለቅም መዝሙር ታንጎራጉራለች፤ ድምፅዋ ወፍራም ነው፣ ሌሎቹ «ዛሬ ደግሞ ቸርች መጋዘን መጣ» እያሉ ያሾፉባታል። እሷ መልስ አትሰጥም። ስትስቅ እንኳ አፏን በነጠላዋ ከልላ ስለሆነ ድምፅ አይወጣትም። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት የመቅመሻ ክፍሉ በር ላይ መጥታ የላስቲክ ጫማዋን አውልቃ ቆመች።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አባትዎ ድሮ አጋሮ መቀሸሪያ ቤት ነበሩ አሉኝ። እውነት ነው?»

«ነበረ። ምነው?»

ወለሉን እያየች ነገረችኝ። እናቷ ልጃገረድ ሳለች በቡና ለቀማ ወራት ከአገሯ ልጆች ጋር አጋሮ መጥታ ነበር። ስትመለስ እርጉዝ ነበረች። የማን ነው ቢሏት አልተናገረችም፤ ቢገርፏትም አልተናገረችም። ልትሞት ስትል ነው ልጇን ጠርታ «አባትሽ የጅማ ሰው ነው። አጋሮ መቀሸሪያው ማሽን ጋ ነው የሚሠራው» ያለቻት። ስም አልጠራችም። ያን ማሽን ደግሞ አጋሮ ውስጥ የሚያውቅ ሁሉ በአባቴ ነው የሚያውቀው። ጀንፈሉን፣ የደረቀውን የቡና ፍሬ፣ እየፈለፈለ ከገለባው የሚለይ ትልቅ ማሽን ነበር፤ አባቴ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አሠርቶታል።

«ምንም አልፈልግም» አለችኝ። «ቤት አልፈልግም፣ መሬት አልፈልግም። ሰው የማን ልጅ ነሽ ሲሉት የሚመልሰው ነገር ያስፈልገዋል፣ እትዬ። እኔ አርባ ሁለት ዓመቴ ነው። መታወቂያዬ ላይ ያለው የእናቴ አባት ስም ነው። ልጆቼ አያታችን ማነው ሲሉኝ ዝም እላለሁ።»

ሂጂ ወዲያ ልላት አፌ ተከፍቶ ነበር። እኔ ቁጡ ነኝ፣ አልደብቅም። ግን ባዶ እግሯን ሲሚንቶው ላይ ቆማ ሳያት ወንበር ሳብኩላት።

አባቴ አሁን ሰማንያውን አልፏል። እናቴ ከሞተች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አወቱ መንደራ በተወለድኩበት ግቢ አብረን እንኖራለን፤ ቀን ቀን አቮካዶው ዛፍ ሥር ወንበሩን አውጥቶ ይቀመጣል። ብቻውን ግን አይቀመጥም። ከአጥራችን ማዶ የሚኖር ጓደኛ ነበረው፤ አጋሮም አብረው የሠሩ፣ አባቴ ማሽኑን ሲነዳ እሱ ጆንያ የሚገለብጥለት። ሃምሳ ዓመት አልተለያዩም። ዙሪያውን መዞር እንዳያደክማቸው አጥሩን ቀደው በር አድርገውበታል። ጓደኛው ሲስቅ ሰፈሩ ይሰማል፤ በአፍንጫው ጀምሮ በሆዱ ያልፍና መጨረሻው ላይ «ህእ!» ብሎ ይቆረጣል። ዶሮዎቻችን ይበረግጋሉ።

ነገሩን ለአባቴ ስነግረው ጓደኛውም ነበሩ።

«ወላሂ!» አለ አባቴ ሁለት እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ። «ከእናትሽ ሌላ ሴት አላውቅም! የሰው ስም እንዲህ በከንቱ ይነሳል?»

ጓደኛው ጉልበታቸውን እያሹ «ሜ፣ እስቲ ልጄ፣ እናቷ በሕይወት አለች?» አሉኝ።

«የለችም፣ ጋሼ።»

«አላህ ይማራት» አሉ። ከዚያ ተነስተው በአጥሩ በር ወደ ቤታቸው ገቡ።

እንግዲህ ያን ሰሞን ለቅምሻ ሥልጠና አዲስ አበባ ሄጄ ነበር። እዚያ አንድ ላቦራቶሪ የዲኤንኤ ናሙና ተቀብሎ ውጭ አገር ይልካል ሲሉ ሰማሁ፤ ሄድኩና ሦስት ቱቦ ይዤ መጣሁ። አንዱ ለአባቴ፣ አንዱ ለሴትየዋ። ሦስተኛውን እንግዳ ተቀባይዋ ናት «የታወቀ ልጅ ካላቸው ለማመሳከሪያ ጥሩ ነው» ያለችኝ። የታወቀ ልጅ እኔ ነኛ! ደግሞም ልዋሽ አይገባኝም፣ ሌላ ነገርም አጓጉቶኝ ነበር። የአባቴ አያት ከየመን ከነጋዴ ጋር መጣ እየተባለ ነው ያደግነው፤ የዘር ምንጭም ይነግርሻል ሲሉኝ እስቲ የመናችንን ልየው አልኩ። የመን ልፈልግ ሄጄ አወቱ መንደራን አጣሁ።

ቱቦው ውስጥ እስከ መስመሩ ድረስ ምራቅ መሙላት ነው ሥራው። ከዚያ በፊት ግማሽ ሰዓት መብላት የለ፣ መጠጣት የለ፣ ጫት የለ። ሴትየዋ በጸሎት ጀምራ ሞላች። እኔማ ሙያዬ ነው፣ አፍታ አልፈጀብኝም። ችግሩ አባቴ ነው። ስኳር በሽታው አፉን አድርቆበታል። በእኛ አገር ትልቅ ሰው ሲመርቅ ቱፍ ቱፍ ብሎ ምራቁን እጅህ ላይ ወይም ራስህ ላይ ያርከፈክፋል፤ አባቴ ግን ስንት ዓመቱ፣ ቱፍ ይላል እንጂ ጠብ የሚል ነገር የለም። ልጆቼ «አባቢ በአየር ነው የሚመርቀን» ይላሉ።

የዚያን ቀን ከዙሁር፣ ከቀትሩ ሶላት በኋላ አቮካዶው ሥር ቱቦውን አፉ ላይ ይዞ ታገለ። ጓደኛው ያበረታቱታል። «ሎሚ አስብ!» ይሉታል። እኔ ስማችንንና የተወለድንበትን ቀን ቅጹ ላይ ልጽፍ ቤት ገባሁ። ስወጣ ቱቦው ሞልቶ ጓደኛው እጅ ላይ አለ። «አልሐምዱሊላህ፣ ሞላ!» ብለው ሰጡኝ። ከደንኩት፣ ስሙን ለጠፍኩበት፣ ፈረምኩበት፣ ላክሁት።

ይህን ሳስብ አሁንም በንዴት እበግናለሁ። የቡና ንግድ ትልቁ ሌብነት ናሙና መቀየር ነው። ጥሩውን ያቀምሱሃል፣ ሌላውን ይጭኑልሃል። ስለዚህ እኔ ናሙና ከጆንያ ሲወጣ ዓይኔን አልነቅልም፤ ሽንት ቢወጥረኝ እንኳ ንቅንቅ አልልም። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ሲሉ የሌላ ሰው ደጃፍ ይመስለኝ ነበር።

ናሙናው በሄደ በወሩ ገደማ ጓደኛው ሞቱ። ለሱብሒ ሶላት ሊነሱ ሲሉ ልባቸው ቀጥ አለ፤ ከዙሁር በፊት ቀበርናቸው። ለኔ እንደ አጎት ስለነበሩ ከመጋዘኑ ለቃሚዎቹ ሁሉ ለቅሶ መጡ። ያቺም ሴት መጥታ ከሴቶቹ መሃል ተቀምጣ ነበር። የሟቹ ሴት ልጅ ስታለቅስ ዓይኗን ተክላ ታያት ነበር፤ የሙስሊም ለቅሶ ገብታ ስለማታውቅ ነው አልኩ። አባቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ የጓደኛውን ወንበር ከዛፉ ሥር አላነሳም፣ ሰውም አላስቀመጠበትም።

አርባ ቀናቸው ሳይወጣ ነው ውጤቱ የመጣው፣ ቡናውን የዋጥኩበት ቀን።

ለአባቴ ምን ልበለው? ቤት እስክደርስ ባጃጅ ውስጥ ሃያ ዓይነት ንግግር አዘጋጀሁ። ደርሼ ሳየው፣ ያንን ባዶ ወንበር አጠገቡ አድርጎ ጥፍሩን ሲቆርጥ ሳየው፣ ግማሹን ብቻ ነገርኩት።

«አባ፣ ያቺ ሴት ልጅህ ናት ይላል።»

የሚጮህ መስሎኝ ነበር። ወላሂ የሚል፣ የሚሰድብ፣ ዱላውን የሚያነሳ። አልጮኸም። ጥፍር መቁረጫውን ጭኑ ላይ አስቀመጠና ወደ አጥሩ፣ ወደዚያች የተቀደደች በር አየ።  ከዚያ «ጥሪያት» አለኝ።

«ምን?»

«መስማት ተሳነሽ? ጥሪያት፣ ልያት!»

እንግዲያ እውነት ነው ማለት ነው፣ አልኩ በሆዴ። ሲምል የነበረው ውሸት ነበር። ከእናቴ ሌላ አላውቅም ያለው ሰው አውቋል። ወረቀቱ በሷ ላይ ካልዋሸ በኔ ላይ ለምን ይዋሻል? እዚህ ላይ ነው ልቤ የተሰበረው።

መስታወት ፊት መቆም አበዛሁ። አፍንጫዬ የሱ ነው፤ ነው ወይስ ለምጄው ነው? ቁጣዬስ? ቁጣ ደግሞ አብሮ በመኖር ይጋባል። ሥራ ላይ ምላሴ ከዳኝ፤ የጎማ ወረዳን ቡና ከጌራ ወረዳው መለየት አቃተኝ። ባልደረባዬ «ጉንፋን ይዞሽ ነው?» ሲለኝ አዎ አልኩት። ደግሞ ይህ ሁሉ ሲሆን በሆዴ የምከስሰው ማንን ነው? እናቴን። ዘጠኝ ዓመት አፈር ውስጥ ያለችውን እናቴን። መጠርጠሬ ያሳፍረኛል፣ ግን እጠረጥራለሁ።

ቅዳሜ ሚኒባስ ይዤ አጋሮ፣ የእናቴ ታናሽ እህት ዘንድ ሄድኩ። አክስቴ ግቢዋ ውስጥ የተሰጣ ቡና በእግሯ እየገለበጠች ነበር። ዙሪያ ጥምጥም ሄጄ፣ ያኔ እኔ ስወለድ እንዴት ነበር፣ ማን ነበረ፣ አልኳት።

«ማን ይኖራል? አባትሽ ቀንም ሌትም እዚህ ማሽኑ ጋ ነው። እናትሽ ብቻዋን፣ ሆዷ ገፍቶ፣ ከግቢ አትወጣ! ጅማ በወረደ ቁጥር ውኃ የሚያመጣላት፣ እንጨት የሚፈልጥላት ያ ሰውዬ ነበር፣ የአባትሽ ጓደኛ፣ አላህ ይማረው። እሱ ባይኖር ምን ይውጣት ነበር?»

 እሳቸው? አጥር ቀደው የሚገቡት ጋሼ? ፊቴ ተለውጦ ይሆናል፣ አክስቴ እግሯን ከቡናው አውጥታ አፈጠጠችብኝ።

«ምንድን ነው የምታስቢው አንቺ? አስተግፊሩላህ በይ! አሁኑኑ በይ!»

አልኩ። ምሳም ሳልበላ ተመለስኩ። ስመለስ ከሄድኩት ይልቅ ግራ ገብቶኝ ነበር።

ሴትየዋን የጠራኋት ባገኘሁት የመጀመሪያ እሁድ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ መጣች፤ ባሏና ሦስት ልጆቿ በነጭ ለብሰው፣ እሷ ፌስታል ሙሉ ሙዝ ይዛ። በራችን ላይ ሁሉም ጫማቸውን አወለቁ። አባቴ ከወንበሩ ተነሳ። ለማንም አይነሳም እኮ! ዱላውን ተደግፎ ቆመና እጁን ዘረጋላት።

«ነይ፣ ኢንተላ ኮ።»

ልጄ ማለቱ ነው፤ እኔን የሚጠራኝ እንደዚያ ነው። ሌላ ሰው ሲጠራበት ሰምቼ አላውቅም። ሴትየዋ ጉልበቱ ላይ ወደቀች። «አባዬ» አለች አንዴ፣ በሹክሹክታ። ያን ወፍራም ድምፅ ማን እንደወሰደው እንጃ። አባቴ ራሷ ላይ አጎንብሶ ቱፍ፣ ቱፍ፣ ቱፍ አለ፣ ልክ እንደሚመርቀን፣ በደረቁ። ልጆቿንም አንድ በአንድ መረቀ። ባሏ «ጌታ ይመስገን» ይላል፣ አባቴ «አልሐምዱሊላህ» ይላል። እኔ ሳህን ይዤ ቆሜያለሁ። ደስ ይበለኝ፣ ልቅና፣ ሳህኑን ልወርውረው፣ አላወቅሁም።

እስኪሄዱ ታገስኩ። የግቢው በር ሲዘጋ ግን ፈነዳሁ።

«እሷን ልጄ አልካት! እኔ ደግሞ ልጅህ አይደለሁም!»

«ማል ጄቴ?» አለ። ምን አልሽ ማለቱ ነው።

ስልኬን አውጥቼ የደበቅሁትን ግማሽ አነበብኩለት። እያነበብኩ አለቀስኩ፣ እያለቀስኩ ተቆጣሁ፣ ለምን አልነገራችሁኝም አልኩ፣ የማን ነኝ አልኩ፣ ያልተናገርኩት የለም። አባቴ አፉን ከፍቶ ሲሰማኝ ቆየና ሳቀ።  ከዚያ ሳቁ ቆመና መዳፉን ግንባሩ ላይ አደረገ።

«ያ ምራቅ የኔ አይደለም» አለኝ።

ወንበሩን አየ፣ ባዶውን።

«አንቺ ልትጽፊ ገባሽ። እኔ ታገልኩ፣ አፌ እንደ ጀንፈል ደርቋል። እሱ ‹አምጣው ልሙላልህ› አለኝ። እኔን እኮ ነው የሚፈልጉት አልኩት። ‹ሃምሳ ዓመት በአንድ ጣሳ ጠጥተን ምን ልዩነት አለው?› አለ። እኔም ሰጠሁት። ደም ቢሆን አልሰጥም ነበር። ዘር በደም ነው፣ በአጥንት ነው፤ ምራቅ ዘር ያወራል ብዬ በምን ልጠርጥር? ምርቃት ላይ አንዱ ሽማግሌ አፉ ሲደክም ሌላው ይቀጥልለት የለ? እንደዚያ መሰለኝ።»

ያኔ ትዝ አለኝ፤ ቱቦውን ሲሰጡኝ ጓደኛው አፋቸውን በትከሻቸው ፎጣ እየጠረጉ ነበር። አይቻለሁ እኮ! በሁለት ዓይኔ አይቼ አላየሁም።

«ያውቁ ነበር ወይ? ልጃቸው መሆኗን?»

«አላህ ነው የሚያውቅ። ቱቦውን ሲሰጥሽ እጁ ተንቀጥቅጧል። ግን እጁ ሁሌም ይንቀጠቀጣል፣ ሽማግሌ ነው።»

«አንተስ? ልጅህ ናት ስልህ ገባህ?»

«ወዲያው።»

«ገብቶህ ዝም አልክ?»

«ምን ልበል?» ዱላውን መሬት ላይ መታ። «ሚስቱ ከዚህ አጥር ማዶ ሐዘን ላይ ተቀምጣለች። አፈሩ አልደረቀም። እኔ ሚስቴ ሞታለች፣ ሰው ቢያማኝ የሚጎዳ የለኝም ብዬ ነው። የሱን ሬሳ ከማሳማ እኔ በቁሜ ልታማ አልኩ። አንቺን እንደሚነካ በምን አውቄ? አንቺ ግማሹን ደብቀሽኝ!»

ሁለታችንም ለሌላው አዝነን ደብቀን፣ እርስ በርሳችን ተቃጠልን። ከዚያ አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የማልረሳውን ጥያቄ ጠየቀኝ።

«እናትሽን ጠርጥረሻት ነበር?»

 እግሬን አየሁ።

«ሂጂ፣ መቃብሯ ላይ ዱዓ አድርጊላት» አለ።

ያን ሌሊት ሳይሆን በማግስቱ፣ ሥራ ላይ ቡና እየተፋሁ ነው አንድ ነገር ብልጭ ያለልኝ። ቱቦው የጓደኛው ከሆነ፣ ልጁ አይደለሽም የሚለኝ ወረቀት የሳቸው ልጅ አይደለሽም ማለቱ ነው። ከቤት ያስወጣኝ ወረቀት እሱ ራሱ ነው እናቴን ከአጋሮው ሐሜቴ ያወጣት። ደስ አለኝ፣ አፈርኩም። አባቴ «ሌላ ቱቦ አምጪ፣ እስከ ረመዳን ቢፈጅብኝም እሞላዋለሁ» አለኝ። አልፈልግም አልኩት። «ስለማምንሽ ነው፣ እናቴ» ብል ደስ ባለኝ። ፈርቼ ነው። ማንም የማን ልጅ እንደሆነ በወረቀት አልይ አሁን።

የቀረው የሴትየዋ ነገር ነው። ልንገራት ወይስ ልተው?

«አትነግሪያትም» አለ አባቴ። «ካፍ የወጣ አፋፍ። ልጄ ብያታለሁ። ጉዲፈቻ ቢሆን ሽማግሌ ፊት የተቀበልሽውን ልጅ የኔ አይደለህም ማለት ይቻላል? ከወለደው ልጅ ለይቶ የሚያየው ሰው ይኮነናል። እኔም አፌ ከተናገረ በኋላ አልመልስም።»

«አባቷ ግን አባቷ ናቸው! እህትና ወንድሞቿ ከዚህ አጥር ማዶ ናቸው! የሷ ትልቁ ልጅ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። የጋሼ ልጅ ልጅ በዚያች በር በየቀኑ ትገባለች። ነገ ቢዋደዱስ?»

አባቴ ራሱን አከከ።

«ይህን አላሰብኩም» አለ። «ቱቦውን ያመጣሽው አንቺ ነሽ፣ አንቺ አስቢ።»

አሰብኩ። ሦስት ሳምንት አሰብኩ። ብነግራት፣ በአርባ ሁለት ዓመቷ ያገኘችውን አባት ቀምቼ የሞተ ሰው እሰጣታለሁ፤ እናቷንም ዳግመኛ አሳማለሁ፣ መበለቲቱንም እገድላለሁ። ባልነግራት፣ የሰው እውነት ሰርቄ ኪሴ ከትቼ መሄዴ ነው። ማታ ልናገር እወስናለሁ፣ ጠዋት እተወዋለሁ። እሷ እሁድ እሁድ ትመጣለች፣ የአባቴን እግር ታጥባለች፣ ጥፍሩን ትቆርጥለታለች። እትዬ ማለቷን ትታ እህቴ፣ አንቺ ትለኛለች። እህቴ ባለችኝ ቁጥር ሳህን ላጥብ ብዬ እነሳለሁ።

አንድ ሰኞ ቀበሌ አብረሽኝ ሂጂ አለችኝ። መታወቂያዋን ልታስቀይር ነው። ጊንጆ ጉዱሩ ቀበሌው ፊት ለፊት አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት አለች፤ እዚያ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። «የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል፣ አንቺ ሙዪልኝ» ብላ ቅጹን ጉልበቴ ላይ አደረገች። ስሟን ጻፍኩ። ቀጥሎ የአባት ስም ይላል።

እስክሪብቶው ቆመ። አሁን ካልተናገርኩ መቼም አልናገርም ብዬ አሰብኩ።

«ጻፊ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«አንድ ነገር ልነግርሽ...»

«እኔም አንድ ነገር ልንገርሽ» አለች ቶሎ ብላ። «ለትልቁ ልጄ ነግሬዋለሁ። አባዬ ግቢ በአጥሩ በር የምትገባው ልጅ እህትህ ናት፣ በሌላ ዓይን እንዳታያት ብዬዋለሁ። ለምን አለኝ፣ እናትህ ብላለች አልኩት። ጨዋ ልጅ ነው፣ ከዚያ በላይ አልጠየቀኝም።»

ዞሬ አየኋት። እሷ መንገዱን ነበር የምታየው።

«ለቅሶው ላይ» አለች። «የሟቹ ልጅ ስታለቅስ የራሴን ድምፅ ሰማሁ። እናቴ ስትሞት እንደዚያ ነበር የጮህኩት። ያኔ ግራ ገባኝ። ከዚያ ውጤቱ መጣና አባዬ መረቀኝ። ቱፍ ቱፍ ሲል ጠብ አላለብኝም። ይሄ ሽማግሌ ያን ሁሉ መስመር በምን ሞላው? አልኩ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እናቴን የማን ነው እያሉ ስንት ዓመት አሰቃይተዋታል። አንድም ሰው ደፍሮ የኔ ናት አላለም። የሞቱት ሰውዬ ጌታ ይማራቸው፣ አጥር ማዶ ሆነው ሰምተው አልጠሩኝም። የጠራኝ ይሄኛው ነው። ጻፊ።»

የአባቴን ስም ጻፍኩላት። ብዙ ጊዜ ከራሴ ስም ቀጥሎ ጽፌዋለሁ፤ የዚያን ቀን ግን እያንዳንዱን ፊደል ቀስ ብዬ ጻፍኩት። ቀጥሎ የአያት ስም ይላል። ያንንም ጻፍኩና፣ እንባዬ እንዳይታይ ብዬ ይመስለኛል፣ ቀልድ አመጣሁ።

«የዚህኛው አባት ከየመን ነው የመጣው ይሉናል። ይታወቅሽ።»

«እንግዲያው እኔም ከየመን ነኛ!» አለች።

ሳቀች። ነጠላዋን አፏ ላይ ማድረግ ረሳች። ሳቋ በአፍንጫዋ ጀመረ፣ በሆዷ አለፈ፣ መጨረሻው ላይ «ህእ!» ብሎ ተቆረጠ። ፎቶ ኮፒ የምታደርገዋ ልጅ ደንግጣ ቀና አለች። እኔ እስክሪብቶውን እንደያዝኩ ቀረሁ፤ ያን ሳቅ ከአጥራችን ማዶ ዕድሜዬን ሙሉ ስሰማው ኖሬያለሁ፣ ከቀበርነውም አራት ወሩ ነበር።